ቺምፓንዚ ቢሆኑ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር

በዚህ ዕድሜዬ በቺምፓንዚ እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እናንተዬ፣ ቀናሁ! የቀናሁት ዛፍ ለዛፍ ስለሚዘሉ አይደለም፤ ጉልበቴ የአፓርታማውን ደረጃ እንኳ በስንት ልመና እንደሚወጣ አውቃለሁ። ኪራይ ስለማይከፍሉም አይደለም፤ ምንም እንኳ እዚህ አሜሪካ የምንኖርበትን የኤቨረትን ከተማ ኪራይ የሰማ ሰው ዛፍ ላይ ማደር ቢመኝ የሚፈረድበት ባይሆንም። የቀናሁት ትልቅ ሰው ስለሚሰሙ ነው።

ጉዱን ያመጣብኝ የልጅ ልጄ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ነው። መምህርቱ «እንስሳት አንዱ ከሌላው እንዴት ይማራል?» የሚል ሥራ ሰጥታቸው ቺምፓንዚን መረጠ። «አባባ፣ አንተ አፍሪካ አይደል ያደግከው? ስንት ቺምፓንዚ አይተሃል?» አለኝ። «አንተ» ነው የሚለኝ፤ እሱን ነገር ከተውኩት ቆየሁ። በእኛ አገር ዱር ቺምፓንዚ እንደሌለ፣ እኛ የምናውቀው ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛና የሰሜን ተራሮች ጭላዳ እንደሆነ ነገርኩት። ቅር አለው። አንድም ቺምፓንዚ ሳያይ ያረጀ አያት ለቤት ሥራ አይሆንም። ያም ሆኖ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያገኘውን በተሰባበረ አማርኛው ይነግረኝ ጀመር፤ እኔም መነጽሬን ሰክቼ የቀረውን ራሴ ተከታተልኩት። ቅናቱ ያን ጊዜ ያዘኝ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ነው። ጆርጂያ ውስጥ፣ የጂሚ ካርተሯ ጆርጂያ፣ ቪክቶሪያ ሆርነር የምትባል ተመራማሪ ከነፍራንስ ደ ቫል ጋር ሆና ከቺምፓንዚ መንጋ ሁለት ሴቶች መረጠች። አንዷ በዕድሜ የገፋች፣ መንጋው የሚያከብራት፤ ሌላዋ ታናሽ፣ ማንም ከቁም ነገር የማይጥፋት። ሁለቱም ትንሽ ቁራጭ ነገር እያነሱ ዕቃ ውስጥ መክተትና በምትኩ ምግብ መቀበል ተማሩ። የአንዷ ዕቃ ነጠብጣብ አለበት፣ የሌላዋ መስመር። ልብ በሉ፣ የሚሰጠው ምግብ እኩል ነው፤ ማንም ከማንም አይበልጥም። የቀሩት ቁጭ ብለው ሁለቱንም ሲያዩ ከቆዩ በኋላ ተራቸው ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ትልቋ ወደምትከትበት ሄዱ። ለምን? ትልቅ ስለሆነች ነዋ! ሌላ ምን ምክንያት ያስፈልጋል?

እኔ ቤት ግን የሚከበረው ማን ነው? አንዲት አፍንጫዋን የተበሳች ልጅ ቲክቶክ ላይ ፓስታ በማር ስትበላ ከታየች፣ በማግሥቱ የእኔ ቤት ፓስታም ማር ይፈስበታል። ልጅቷን አናውቃትም። አባቷን አናውቅም። አገሯን አናውቅም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ስጎርስ የኖርኩ ሰው፣ እንጀራው በየት በኩል ተቆርሶ፣ ወጡ እንዴት ተጠቅልሎ፣ ጣት ሳይነካ አፍ ውስጥ እንደሚገባ ሳሳይ፣ «ሹካ የለም?» ይሉኛል። ጆርጂያ ብሆን ይኼን ጊዜ መንጋው ሁሉ ዙሪያዬን ከቦ ይጎርስ ነበር።

ስለ ጆሮ ላውራ። ዛምቢያ ውስጥ ቺምፉንሺ በተባለ መጠለያ የምትኖር ጁሊ የምትባል ቺምፓንዚ ነበረች። በ2010 አካባቢ ይህች ጁሊ አንድ ሰበዝ ሣር መዝዛ ጆሮዋ ውስጥ ሰካች። ከዚያ ሣሩን ጆሮዋ ላይ እንዳንጠለጠለች መብላቷን በላች፣ መዞሯን ዞረች። ሣሩ ምንም አይሠራም፤ ጉንዳን አያወጣም፣ ማሳከክ አያስታግስም። ብዙም ሳይቆይ የመንጋው አብዛኞቹ ሣር በጆሯቸው ሰክተው ተገኙ። ጁሊ ሞተች፤ ሣሩ ግን ቀጠለ። ተመራማሪዎቹ ተገርመው በ2014 ጻፉት።

የልጅ ልጄ ይህንን ሲነግረኝ በሁለቱም ጆሮው ነጭ ነጭ ነገር ተሰክቶ ነበር። አየሁት። አየኝ። ምንም አልገባውም። «ምን ሆንክ አባባ?» አለኝ። እንዲያውም የጁሊ ሣር ይሻላል፤ ቻርጅ አይፈልግም፣ ሲጠፋም ሶፋ ተገልብጦ አይፈለግም፣ ሣር የሰካችው ጁሊም እናቷ ስትጠራት ትሰማለች። ከኤቨርግሪን ዌይ በስዊፍት አውቶቡስ ስሄድ ወጣቱ ሁሉ ጆሮው ተደፍኖ፣ አንገቱ ታጥፎ ነው የሚሄደው። ሽማግሌ ገባ ብሎ የሚነሳ የለም። በኛ ጊዜ ትልቅ ሰው ሲገባ «ኖር!» ተብሎ ብድግ ይባላል፤ እንግዳውም «በእግዚአብሔር!» ብሎ ያስቀምጣል። ይህንኑ ለልጅ ልጄ አስተማርኩት። በነጋታው ስገባ «ኖር!» አለኝ፤ ተጋድሞ።

አሁን ወደዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኼኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ይህችው ሆርነር፣ ከአንድሩ ዋይተን ጋር፣ ኡጋንዳ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ንጋምባ በምትባል ደሴት ላሉ ቺምፓንዚዎች አንድ ሳጥን አቀረበች፤ በ2005 ነው የታተመው። ሳጥኑ ውስጥ ምግብ አለ። የሚያሳያቸው ሰው ዘንግ ይዞ መጀመሪያ በላይኛው ቀዳዳ ይጎረጉራል፣ ቀጥሎ በፊት ለፊቱ በር አስገብቶ ምግቡን ያወጣል። ሳጥኑ ውስጡ የማይታይ ሲሆን ቺምፓንዚዎቹ ሁሉንም እንዳዩት አደረጉ። ከዚያ ሳጥኑ ውስጡ የሚታይ፣ እንደ መስታወት የጠራ ሆነ። የላይኛው ጉርጎራ ከምግቡ ጋር እንደማይገናኝ ግልጽ ሆኖ ታየ። ቺምፓንዚዎቹ ወዲያው ላይኛውን ትተው ቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። የ3ና የ4 ዓመት የሰው ልጆችስ? ሳጥኑ ጠርቶም፣ ከንቱነቱ እየታየም፣ ላይኛውን ቀዳዳ መጎርጎራቸውን አልተዉም። ትልቅ ሰው አድርጎታል፤ በቃ ይደረጋል።

በመጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ጀበናው ትዝ አለኝ።

እኛ አፓርታማ ውስጥ ቡና መቁላት ጦርነት ነው። ጣሪያው ላይ የጭስ ማንቂያ አለ። ቡናው ገና ጭሱ ሽው ሲል «ጲጲጲ!» ብሎ ጎረቤቱን ያነቃዋል። ስለዚህ ልጄ ምጣዱን በአንድ እጇ ይዛ እየቆላች፣ በሌላው እጇ ነጠላዋን አውልቃ ጣሪያውን ታራግባለች። ዘወትር እሑድ እንዲህ ነው። ታዲያ አንድ እሑድ ትንሿ የልጅ ልጄ፣ አንደኛ ክፍል ናት፣ ምንጣፉ ላይ የፕላስቲክ ሲኒዎቿን ደርድራ የጨዋታ ቡና ስታፈላ አየኋት። ሣር ይሆን ዘንድ አረንጓዴ ወረቀት ቆርጣ ጎዝጉዛለች። በባዶ ድስት ምንም የሌለበትን ቆላች። «አሽትቱ» ብላ ለአሻንጉሊቶቿ አዞረች። ከዚያ ተነሥታ ፎጣ አነሣች፤ ጣሪያውን ሦስት ጊዜ አራገበች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። «ይኼ ምንድን ነው?» አልኳት። «ቡና ሲፈላ እንዲህ ይደረጋል» አለችኝ፣ በጣም በረጋ ድምፅ፣ አለማወቄን በመታገሥ።

ቺምፓንዚ ቢሆን ፎጣውን ይተወው ነበር። ማንቂያው እንዳልጮኸ ያያላ! የሰው ልጅ ግን ፎጣውንም፣ ቄጤማውንም፣ እጣኑንም አንድ ላይ ጠቅልሎ ይወስዳል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ኤቨረት ውስጥ የምትኖር አንዲት ሙሽራ ጣሪያዋን በነጠላ ስታራግብ ይታየኛል፤ ለምን ስትባል «የአያቶቻችን ወግ ነው» ትላለች። እኔ ደግሞ መቃብሬ ውስጥ ሆኜ «ወግ አይደለም፣ የእሳት አደጋ ነው!» ብዬ ልጮህ ነው። ሰሚ የለም እንጂ። ከወጋችን ውስጥ ስንቱ እንዲህ እንደገባ ማን ያውቃል? እኔም ብሆን ጀበናው ለምን ከፍ ተደርጎ እንደሚቀዳ አያቴን ጠይቄ አላውቅም። ቀዳች፣ ቀዳሁ።

የትንሿ የልጅ ልጄ ታላቅ ወንድም ግን ሳጥኑ ጠርቶ የሚታየው ዓይነት ነው። «አባባ፣ ካፌይኑ ያለው አቦሉ ላይ ነው። ቶናው ቀጭን ነው፣ በረካው ውሃ ነው። ለምን ሦስቴ እንቀመጣለን?» አለኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! በረካ ውሃ ነው ይላል። የሰፈር እርቅ የተፈጸመው፣ ልጅ የተዳረው፣ ዕዳ የተማረው በየትኛው ሲኒ ነው? በአቦሉማ ሰው ገና ስለ አየሩ ጠባይ ነው የሚያወራው። ይህን ሁሉ ባስረዳው፣ «ታዲያ በረካውን ቀድመን ብንጠጣውስ?» አለኝ። ቺምፓንዚ!

ለነገሩ በዚህ ከተማ ነባር ሰው የሚቀዳበት አንድ ቦታ አለ፤ ቦይንግ ነው። በይዘቱ በዓለም ትልቁ የተባለው ሕንጻ እኮ እዚሁ ከኛ አፍንጫ ሥር ነው። እዚያ የሚሠራ ወዳጅ አለኝ፤ አዲስ የገባው ልጅ ከነባሩ ጎን ቆሞ እያየ ነው የሚማረው ይለኛል፤ ቅደም ተከተሉን መዝለል የለም። አየር መንገዳችን በ2012 ከአፍሪካ ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር የተገጣጠመው እዚሁ ኤቨረት ነው። የኔው ፈላስፋ እዚያ ተቀጥሮ «ይህቺኛዋ ብሎን ምን ትሠራለች?» እያለ ቢዘላት ኖሮ ማን ደፍሮ አዲስ አበባ ይገባ ነበር?

ይህንንስ ዋጥኩት። ያልተዋጠልኝ የኤለንስበርጉ ነው።

ከኛ ወደ ደቡብ ወርዶ፣ በአይ-90 የስኖኳልሚን ተራራ የተሻገረ ሰው ዝናቡን ከኋላው ጥሎ፣ ጥዱ እየሳሳ፣ ሜዳው እየደረቀ ሲሄድ ኤለንስበርግ ይደርሳል። እዚያ ባለው ሴንትራል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ከ1980 ጀምሮ ዋሾ የምትባል ቺምፓንዚ ትኖር ነበር። በኔቫዳ አውራጃ ስም ተሰይማ ነው እንጂ ውሸት ተገኝቶባት አይደለም። ይህችን ዋሾ ጋርድነር የሚባሉ ባልና ሚስት ከ1966 ጀምሮ፣ ኔቫዳ ሳለች፣ መስማት የተሳናቸው አሜሪካውያን የሚግባቡበትን የእጅ ቋንቋ አስተምረዋታል። ከ100 በላይ ምልክት አወቀች። በ1979 የወለደችው ልጅ ሞተባት። ሮጀር ፋውትስ የሚባለው አሳዳጊዋ ሐዘኗን አይቶ ሉሊስ የሚባል የ10 ወር ጨቅላ አመጣላት፤ እሷም አቀፈችው፣ ልጇ አደረገችው።

ቀጥሎ ሰዎቹ አንድ ሕግ አወጡ። ሉሊስ ባለበት ማንም ሰው በእጁ እንዳይናገር፤ የተፈቀዱት ሰባት ምልክቶች ብቻ ናቸው፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ የትኛው የመሳሰሉት። አምስት ዓመት ሰው እጁን ሰብስቦ ዝም አለ። ሉሊስ ግን ከእናቱና ከጓደኞቿ እያየ ከ50 በላይ ምልክት ለመደ! አንድ ጊዜ ምግብ ሲመጣ ዋሾ ደስ ብሏት «ምግብ፣ ምግብ» ስትል ቆየችና፣ ዞር ብላ የልጁን እጅ ይዛ ጣቶቹን ሰብስባ ምልክቱን አስያዘችው። ይህ ቋንቋ ነው አይደለም እያሉ ምሁራኑ ይጣላሉ። ኸርበርት ቴሬስ የተባለው ኒም የሚባለውን ቺምፓንዚ ካስጠና በኋላ በ1979 ነገሩ በአብዛኛው አስተማሪን መኮረጅ ነው ብሎ ጻፈ። ይኮርጅ! የኔዎቹ እኔን ቢኮርጁኝ ስለት አስገባ ነበር።

ምክንያቱም የኛን ቤት ስሙ። ልጄ ልጆቿን አማርኛ ለማስተማር ቅዳሜ ቅዳሜ ከኤቨረት እስከ ሲያትል ትነዳለች። ነዳጅ፣ ክፍያ፣ የአይ-5 መጨናነቅ፣ ሁሉንም ችላ። መኪና ውስጥ በምን ታወራቸዋለች? «ሃሪ አፕ ጋይስ፣ ዊ አር ሌት ፎር አማሪክ!» ዋሾ እኮ ሉሊስን ቅዳሜ ቅዳሜ አልላከችውም። ቤቷ ነው ያወራችው።

እኔም ሕግ አወጣሁ። በዚህ ቤት ከሰባት የእንግሊዝኛ ቃል በላይ አይነገርም፤ ሰባቱን ምረጡ አልኳቸው። «መጀመሪያ የመቀመጫዬን» አለች ዝንጀሮ፤ የኔዎቹ መጀመሪያ ዋይፋይ አሉ። ቀጥሎ ቻርጀር፣ ፓስወርድ፣ ፒዛ እያሉ ሄደው ሰባተኛው ላይ ተጣሉ፤ ትንሿ «ዩኒኮርን» ይሁን አለች፣ ትልቁ «ፕሊስ» ካልገባ ምንም አይሰጠንም አለ። ዩኒኮርን አሸነፈ። ከሰዓቱን እንዴት ያለ ከሰዓት ነበር መሰላችሁ! «አባባ፣ ፓስወርዱን እባክህ ንገረኝ» ተባልኩ፤ እባክህ! ልጄ ማታ ከሥራ ገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ «ሃይ ጋይስ፣ ሃው ዋዝ ዩር ዴይ?» አለች። ሕጉ እዚያው በሩ ላይ ሞተ።

ዋሾ በ2007 አረፈች። የኤለንስበርጉ ተቋምም በ2013 ተዘግቶ ሉሊስ ኩቤክ፣ ካናዳ ተሰደደ፤ ከሰሜን ወደ ሰሜን፣ ከብርድ ወደ ብርድ፣ እንደኛው። በዚያው መንገድ ላይ ክሊ ኤለም አጠገብ ግን ከ2008 ጀምሮ ከቤተ ሙከራ የወጡ ቺምፓንዚዎች የሚጦሩበት ሥፍራ አለ። ዘንድሮ ወደ ያኪማ ቼሪ ልንለቅም ስናልፍ «እስቲ ጎራ በሉ» አልኩ፤ ቀጠሮ እንጂ ዝም ብሎ አይገባም ተባልኩ። እዚያ ጄሚ የምትባል አለች አሉ፤ የካውቦይ ቦት ጫማ ትወዳለች። ራሷ አታደርገውም፤ አሳዳጊዎቿን ነው የምታስደርገው። ቦቱን መርጣ ትጠቁማለች፣ ሰዎቹ ያጠልቃሉ፣ ቅጥሩን አብረዋት ይዞራሉ። የተማሩ ሰዎች ናቸው። እኔ ለፋሲካ የልጅ ልጄን የሀገር ልብስ ለማስለበስ ሁለት ሳምንት ለምኜ፣ ያውም በሁዲው ላይ ደርቦት ነው የወጣው።

ልጄ ይህን ሁሉ ስታዳምጥ ቆይታ፣ «አባዬ፣ አንተስ ማንን ነው የቀዳኸው?» አለችኝ። የኤቨረት ሰው በዝናብ ጃንጥላ አይዝም፤ የያዘ እንግዳ ነው። እኔም ጃንጥላዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅዬ፣ ኮፍያ ያለው ጃኬት ለብሼ፣ እየበሰበስኩ ነው የምሄደው። አላፊ አግዳሚውን ሁሉ «ሃይ» እላለሁ። የውሻ ስም እጠይቃለሁ። «ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች» አለችና ሳቀችብኝ፤ ተረቱን ያስተማርኳት እኔው ነኝ። እንግዲህ ከኬሎግ ልጅ አልብስም። በ1931 ዊንትሮፕ ኬሎግ የሚባል ፕሮፌሰር ጉዋ የምትባል ጨቅላ ቺምፓንዚ ቤቱ አምጥቶ ከ10 ወር ልጁ ከዶናልድ ጋር እንደ እህትና ወንድም አሳደጋት፤ ሰው ትሆን እንደሆነ ለማየት። ጉዋ ማንኪያ መያዝ ተማረች፣ ቃል ግን አልወጣትም። ዶናልድ ግን ምግብ ሲያይ እንደ ጉዋ መጮህ ጀመረ። ዘጠኝ ወር ሲሆን ሙከራው ቆመ። የኔን ማን ያስቁምልኝ?

አንድ የማጽናኛ ነገር አለ፤ የልጅ ልጄ ሳያውቅ ነው የሰጠኝ። ጃፓን ኮሺማ በምትባል ደሴት በ1953 ኢሞ የምትባል አንዲት ፍሬ ልጅ ጦጣ አሸዋ የነካውን ስኳር ድንች ውሃ ወስዳ አጠበችው። ጓደኞቿ ቀዷት፣ እናቷ ቀዳቻት፣ ቀስ በቀስ ወጣቱ ሁሉ አጣቢ ሆነ። በዕድሜ የገፉት ወንዶች ግን አብዛኞቹ ንቅንቅ አላሉም። አሸዋውን ከነድንቹ እየቆረጠሙ ኖሩ። ሳይንቲስቶቹ ይህንን መማር እንዳለመቻል ቆጥረውታል መሰለኝ። እኔ ግን ገባኝ። ትናንት ልጄ የማይክሮዌቭ ሽሮ አቀረበችልኝ፤ ከወረቀት ከረጢት አውጥታ፣ በሁለት ደቂቃ፣ ሽንኩርቱ ሳይቁላላ። አልበላም አልኩ። «ሁሉም ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚበላው» አለችኝ። «የኮሺማ ወንዶችን ጠይቂ» አልኳት።